ጠፍር ሳቢዋ የሺመቤት

የሺመቤት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጠፍሩን ታሽ ነበር። አንዱን ጫፍ በእግሯ አውራ ጣት ረግጣ፣ ሌላውን በግራ እጇ ወጥራ፣ በቀኝ መዳፏ ሞራ እየቀባች ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ታመላልሰዋለች። ጠፍሩ የበሬ ቆዳ ነው፤ ከቁመቷ ይረዝማል። ጫፍና ጫፉ ሻካራ ነው፤ መካከሉ ግን እንጨት ላይ ሲመላለስ ስለኖረ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። ሞራ ካልጠጣ ይደርቅና እንጨቱን ሳይዝ ይንሸራተታል፤ ሲበዛበት ደግሞ ይለሰልስና ጉልበት ያጣል። ልኩን የምታውቀው በጣቷ ነው እንጂ አታየውም። ዓይኗ ወደ ሐይቁ፣ ጀልባዋ ወደምትመጣበት ነበር።

«በቃው እንግዲህ፣ የሺ» አሉ ባሏ አቶ ፍቅረ ማርያም፣ መሮዎቻቸውን በጆንያ እየጠቀለሉ። «ከዚህ በላይ ከቀባሽው ቆዳነቱ ቀርቶ ወጥ ይሆናል።»

«ይሁና። ምሳ ካልሰጡን እንበላዋለን» አለች ቀና ሳትል።

እኔ የቅርብ ጎረቤታቸው ነኝ። ዘጌ ላይ ግቢያችንን የሚለየው አንድ ረድፍ የቡና ተክል ብቻ ስለሆነ እነሱ ሲስሉ እኔ እሰማለሁ፤ እኔ ስስል እነሱ ይሰማሉ። ያን ቀን አብሬያቸው የሄድሁት የምግብ ቅርጫቱን የሚይዝ ስለጠፋ ነው ተባለ። እውነቱ ግን የሺመቤት ማታውን መጥታ «እቴ፣ እዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ የማውቀው ፊት ልይ፤ አብረሽኝ ሂጂ» ብላ ስለለመነችኝ ነው።

የምንሄደው ወደ ባሕር ዳር ነበር። እንጨት እያዞሩ የሚያለሰልሱ ሰዎች፣ በከተማው አጠራር ቶርኖ ሠሪዎች፣ ከየአውራጃው ተሰብስበው ሙያቸውን በሰው ፊት ሠርተው የሚያሳዩበት ቀን ነው። ያዘጋጀችው ርሆቦት የምትባል የቴክኒክ ኮሌጅ አስተማሪ ናት። ከአንድ ወር በፊት ዘጌ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞልቷል። በጠፍር የሚሠራ ግን ከእርስዎ ሌላ አላገኘሁም፤ መጥተው ያሳዩልን» ብላቸው ነበር። አቶ ፍቅረ ማርያም ሲመሰገኑ አይችሉም። «እመጣለሁ» አሉ ወዲያው። የሺመቤት ከጓዳ ሆና ይህን ስትሰማ የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ።

የወደቀበትን ምክንያት ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

የሺመቤት የወንዛዬ ገጠር ልጅ ናት። እናት አባቷ ገበሬዎች ነበሩ። ለፍቅረ ማርያም ተድራ ወደ ዘጌ ስትመጣ ስለ እንጨት ሥራ የምታውቀው ነገር አልነበረም። እሳቸው የደብተራ ልጅ ናቸው። አባታቸው ዜማ ሊያስተምሯቸው ሞክረው ሞክረው «ልጄ፣ ድምፅህ ለመላእክት ፈተና ነው» ብለው ተስፋ ቆረጡና ከአንድ እንጨት ሠሪ ዘመድ ዘንድ አስቀመጧቸው። እንዲህ ሆኖ፣ መዘመር ያልሆነላቸው ሰው የሚዘምሩትን ሰዎች ጸናጽል እጀታ የሚሠሩ ሆኑ። የመቋሚያ ራስም ይሠራሉ፤ እንዝርትም ይሠራሉ፤ ስማቸው የወጣው ግን በጸናጽል እጀታ ነው።

የጠፍሩ ቶርኖ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሁለት አጫጭር ግንዶች ትይዩ ይቆማሉ፤ ከየግንዱ ወደ ውስጥ የወጣ ሹል ብረት አለ። የሚሠራው እንጨት በሁለቱ ሹሎች መካከል ይጠመዳል። ጠፍሩ እንጨቱ ላይ ይጠመጠምና አንዱ ሰው ሁለቱን ጫፎች ይዞ ወዲያና ወዲህ ይስባል፤ ሌላው መሮውን ይይዛል። ሲሳብ እንጨቱ ወደ መሮው ይዞራል፤ ያን ጊዜ ይቆረጣል። ሲለቀቅ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ መሮው ለአፍታ ከፍ ማለት አለበት። ሳቢና ቆራጭ ከተጣሉ መሮው እንጨቱን ይነክሰውና የቀኑ ልፋት ገደል ይገባል።

መጀመሪያ ጠፍሩን የሚስበው የፍቅረ ማርያም ታናሽ ወንድም ነበር። የሺመቤት ሙሽራ ሆና በመጣች በወሩ ልጁ ባሕር ዳር ፋብሪካ ሥራ አገኘና «እስክመለስ ድረስ የሺ ትሳብልህ» ብሎ ሄደ። እስካሁን አልተመለሰም፤ ጡረታም ወጥቷል። የሺመቤት ግን ስትስብ ኖረች። መጀመሪያ ምቱ እየጠፋባት ስንት እንጨት አስነከሰች። በኋላ የራሷን ዘዴ አገኘች፤ «እግዚኦ» ስትል መሳብ፣ «መሐረነ» ስትል መልቀቅ። በቤተ ክርስቲያን የለመደችው ምት አልጠፋባትም። እኔ ከግቢዬ ሆኜ በዝግታ ስትል እሰማታለሁ፤ እጀታ ይሠራ ወይስ ጸሎት ይደረግ ለማያውቅ ሰው ግራ ነው።

ባለፈው ክረምት የአቶ ፍቅረ ማርያም ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፤ ብርዱ ሄደ፣ መንቀጥቀጡ ቀረ። አንድ ቀን የተጀመረ እጀታ ቶርኖው ላይ እንዳለ እጃቸው እምቢ አላቸው። ለበዓል የሚፈለግ ነበር። «እስኪ ያዢልኝ» አሏት። ያዘች። በዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ቆራጭ፣ እሳቸው ሳቢ ሆኑ፤ በሩ ግን እየተዘጋ። በሩ የተዘጋው ከገዢዎቹ የተነሣ ነው። ገዢዎቹ ካህናትና የዜማ ተማሪዎች ናቸው፤ «የፍቅረ ማርያም እጅ» እያሉ ነው የሚወስዱት። ለቤተ መቅደስ የሚገባ ዕቃ ሴት ሠራችው ሲባሉ ምን ይላሉ? የከለከለ ሰው የለም፤ የፈቀደም የለም፤ ጠይቆ የሚያውቅ ስላልነበረ። እምቢ ካሉ ግን ሥራው ያበቃለታል፤ የእሳቸው እጅ ከእንግዲህ አይመለስም፤ የሷን እጅ ደግሞ ማንም አይገዛም። ይህን የምናውቀው እነሱና እኔ ብቻ ነበርን።

ስለዚህ አንድ ብልሃት አወጡ። ባሕር ዳር ላይ አቶ ፍቅረ ማርያም ሻካራውን ብቻ ይቆርጣሉ፤ የእንጨቱን ቅርፊት ገፎ ድቡልቡል ማድረግ ብዙ የተረጋጋ እጅ አይጠይቅም። ከዚያ «እነሆ ሲያልቅ ይህን ይመስላል» ብለው የተጨረሱትን እጀታዎች ያሳያሉ፤ ተመስገን ብለው ይመጣሉ።

ጀልባዋ መጣች። ሁለቱን ግንዶች ስንጭን ጀልባ ነጂው «ዘጌን የሚያክል ደን ትታችሁ ግንድ ወደ ከተማ? ባሕር ዳር እንጨት አለቀ እንዴ?» አለና ሳቀ። የሺመቤት ጠፍሩን በነጠላዋ ሸፍና ጉልበቷ ላይ ይዛው ነበር።

ቦታው ሐይቁ ዳር ያለ ሰፊ ግቢ ነው። ትልልቅ ዋርካዎች አሉበት፤ ከሥራቸው ድንኳን ተተክሏል። ከበሩ ስንገባ የትኩስ እንጨት ሽታ ተቀበለን፤ የጽድ፣ የዋንዛ፣ የወይራ ሽታ፣ ሁሉም ተደባልቆ። መሬቱ ላይ ሰጋቱራው እንደ ጤፍ ገለባ ተነስንሷል። ከደሴ የመጣ አንድ ሙስሊም ሰው የአልጋ እግር ያዞራል፤ የሠራቸው አራቱ እግሮች አጠገቡ ቆመዋል፤ እንደ መንታ ልጆች አይለያዩም። ከሐሙሲት የመጣው ሀዲስ ደግሞ ቶርኖውን ከአሮጌ ብስክሌት ሠርቶታል። ፔዳሉን በእግሩ ይመታል፣ እንጨቱ ይዞራል፣ ላቡ ይፈስሳል።

«ይህን ያህል ነድቼ እስካሁን ጎንደር መድረስ ነበረብኝ!» ይላል ለተሰበሰበው ሰው። «ይኸው ከአንድ ቦታ አልነቃነቅ አለ!»

የሺመቤትን ያስቆማት ግን የጎንደሩ ብሩክ ነው። ወጣት ነው፤ የኤሌክትሪክ ማሽን አለው። ከዋንዛ ጉማጅ ጎድጓዳ ሳህን እያወጣ ነበር። ከመሮው ሥር የሚወጣው ፍቅፋቂ እንደ ሪባን ሆኖ እስከ ትከሻው እየተጠቀለለ ይወርዳል። እሷ ጎንበስ ብላ አንዱን አነሣችና በሁለት እጇ ዘረጋችው። እጇ እስኪያልቅ ተዘረጋ።

«እይው እቴ፣ አልተበጠሰም» አለችኝ በሹክሹክታ። «የእኛ ሁልጊዜ ጥፍር የሚያክል ብቻ ነው።»

እውነትም የጠፍሩ እንጨት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ረጅም ፍቅፋቂ አይወጣለትም። እሷ ግን ይህን ስትል የቅናት አልነበረም፤ ልጅ አዲስ ነገር ሲያይ እንደሚለው ነው።

ከምሳ በፊት ተራቸው ደረሰ። ርሆቦት ማይክራፎን ይዛ ስማቸውን ጠራች፤ ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። ከፊት ለፊት በፕላስቲክ ወንበር ላይ አንድ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ሰው ተቀምጠዋል። የሺመቤት አይታቸው ፊቷ አመድ መሰለ። መሪጌታ አስማማው ናቸው፤ ባሕር ዳር ላይ ዜማ የሚያስተምሩ፤ ተማሪዎቻቸው ሁሉ እጀታ የሚገዙት ከእነ ፍቅረ ማርያም ነው።

እኔ ከድንኳኑ ካስማ አጠገብ ቆምሁ፤ እንድታየኝ።

ሥራው ተጀመረ። የሺመቤት እንደ ድሮዋ ጠፍሩን ያዘች፤ አቶ ፍቅረ ማርያም መሮውን። ድምፅዋ ግን አልወጣም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ቢሆንም ሻካራው ደህና ሄደ። ቅርፊቱ ተገፈፈ፤ የወይራው ቢጫ ሥጋ ወጣ። ሰው አጨበጨበ። እሳቸውም መሮውን አስቀምጠው፣ ከጆንያው የተጨረሱትን እጀታዎች ሊያወጡ እጃቸውን ሰደዱ።

«ቆይ እንጂ አቶ ፍቅረ ማርያም» አሉ መሪጌታ፣ በፍቅር ነው። «አንገቱስ? ያለ አንገት ጸናጽሉ በምን ይያዛል? ለነዚህ ልጆች አንገቱን ሲያወጡ ያሳዩልን እንጂ።»

«እ… ሰዓቱ እንዳይሄድ ብዬ ነው፣ መሪጌታ።»

«ሰዓቱ ይሂድ፤ እኛ አለን።»

ሰው ሳቀ፤ ርሆቦትም «ጊዜ አለን ጋሼ» አለች። አቶ ፍቅረ ማርያም መሮውን መልሰው አነሡ። ቀጭኑን መሮ ነው። እኔ ካለሁበት ሆኜ ጫፉ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። የሺመቤት ቀስ ብላ ሳበች፣ ለቀቀች፤ ሳበች። መሮው ነከሰ። ጥው የሚል ድምፅ ተሰማና እንጨቱ ከሁለቱ ሹሎች ተፈናጥሮ መሪጌታ እግር ሥር ወደቀ።

«እጃቸው ይንቀጠቀጣል እኮ» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ ቀስ ብሎ ያለው መስሎት። ርሆቦት ቶሎ መጥታ «እንግዲህ ጋሼን እናመስግን…» ስትል አቶ ፍቅረ ማርያም እጃቸውን አነሡ፤ የሚንቀጠቀጠውን እጅ ነው ያነሡት፤ አልደበቁትም።

«ቆይ ልጄ። መዋሸት ለዕድሜዬ አይሆንም» አሉ። «መሪጌታ፣ ከክረምት ወዲህ ተማሪዎችዎ የወሰዱት እጀታ ሁሉ የዚህች እጅ ነው። እኔ ጠፍር ሳቢ ነኝ። የሺ፣ ተነሺ፤ ቦታ እንለዋወጥ።»

«ኧረ በእመቤቴ!» አለች የሺመቤት። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች።

«ተነሺ እንጂ!»

«ሰው ያየናል!»

«ሰውማ ካየን ቆየ።»

ሰው ሁሉ ይጠብቃል። መሪጌታ የወደቀውን እንጨት አንሥተው በመዳፋቸው ያገላብጣሉ። የሺመቤት ዙሪያውን ስታማትር ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት እንኳን መናገር መነቃነቅም አይሆንልኝ፤ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁላት። ተነሣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና በባሏ ቦታ ተቀመጠች። አዲስ ወይራ ጠመዱ።

መጀመሪያ አልሆነም። እሳቸው ዝም ብለው ይስባሉ፣ እሷ ዝም ብላ ትይዛለች። ምቱ የለም። ቤታቸው ውስጥ ሁልጊዜ ቃሉን የምትለው እሷ ናት፤ እዚህ ግን አንደበቷ ታስሯል። መሮው አንዴ ተንሸራተተ፣ ሁለተኛም። ግንባሯን ላብ አጠመቀው።

ያን ጊዜ አቶ ፍቅረ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እግዚኦ!» አሉ።

ድምፃቸው እንደ ተሰነጠቀ ገል ነበር። አንዳንዱ ሳቀ። ግን የእኛ አገር ሰው «እግዚኦ» ሲባል ዝም ብሎ አያውቅም። ከመሪጌታ ወንበር ኋላ የቆመ አንድ ጎልማሳ ሳያስበው «መሐረነ» አለ። አቶ ፍቅረ ማርያም እንደገና ሲስቡ «እግዚኦ!» አሉ፤ አሁን አምስት ስድስት ሰው መለሰ። ከዚያ ሁሉም። ባርኔጣ ያደረጉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሻይ በትሪ ይዛ ከወጥ ቤት የመጣች ሴት ጸሎት የተጀመረ መስሏት ትሪውን መሬት አስቀምጣ ሰገደች። የጸሎት ነገር ደግሞ ሁላችን እንደምናውቀው ነው፤ ሕዝብ ሲቀበል እየፈጠነ ይሄዳል፤ የስቅለት ዕለት መጨረሻ ላይ እንደሚሆነው። ሰው ሲፈጥን አቶ ፍቅረ ማርያም ፈጠኑ፤ እሳቸው ሲፈጥኑ እንጨቱ ፈጠነ፤ የሺመቤት እጅ መከተል አቃተው።

«ኧረ ቀስ በሉ!» ብላ ጮኸች። ይህን ድምፅ ከጎረቤቴ ጉሮሮ ሰምቼ አላውቅም። «ጸሎት ነው ሩጫ? ጣቴን ልታስቆርጡኝ ነው እንዴ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ፍቅረ ማርያም ራሳቸው ጠፍሩን ይዘው ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። ያልፈጠነ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የደሴው እንግዳ። ቃሉን አይልም፤ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በመዶሻው እጀታ ጠረጴዛውን እየመታ ምቱን ጠብቆ ነበር። የሺመቤት ወደ እሱ ዞራ «የወንድሜን ምት ተከተሉ» አለች። ተከተሉ። በዝግታ፣ እንደ ቤቷ። መሮዋ ይወርዳል፣ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል። ከወይራው ላይ ቢጫ ፍቅፋቂ እንደ ጥፍር ቁራጭ እየረገፈ ቀሚሷ ላይ ተከመረ። አንገቱ ወጣ። ከአንገቱ በታች ደግሞ የጣት ማረፊያውን ሁለት ቀለበት አወጣች፤ ማንም ሳያዝዛት።

ሲያልቅ አላጨበጨቡም። ሁሉም መሪጌታን ነበር የሚያዩት።

መሪጌታ እጀታውን ከእጇ ተቀበሉ። ብረቱ ገና አልገባበትም፤ ግን ጸናጽል እንደያዘ ሰው ከፍ አድርገው ወዘወዙት፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«አንገቱ ወፍሯል» አሉ።

የሺመቤት አንገቷን ደፋች።

«ክረምት የወሰድሁት ይሻላል። ያንን ስትሠሪ አልተቻኮልሽም ነበር መሰለኝ። አሁን እነዚህ አጣደፉሽ» ብለው ሕዝቡን በእጀታው አመለከቱ። «ሌላው ነገር ምንም እንከን አይወጣለትም።»

«መሪጌታ» አሉ አንድ ሽማግሌ ከጎን፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ «የቤተ መቅደስ ዕቃ በሴት እጅ ሲሠራ ደግ ነው ይላሉ?»

«የመቅደሱን መጋረጃ ጥጥ ማን ፈተለው?» አሉ መሪጌታ። «እኔን ራሴን ማን ወለደኝ? የሴት እጅ የነካው አይግባ ከተባለማ እኔም ውጭ ልቆም ነው።»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ «ዘመኑ!» ብለው በትራቸውን እየመቱ ሄዱ። የሺመቤት በዓይኗ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ሁሉም ሰው እሺ እንዳላለ ያወቀች ይመስለኛል። ቢሆንም ትከሻዋ ወርዶ ነበር፤ ከክረምት ጀምሮ ተሰቅሎ የኖረ ትከሻ።

ምሳ ላይ አቶ ፍቅረ ማርያም ጠፉ። ቅርጫቱን ይዘን ስንፈልጋቸው ከድንኳኑ ኋላ፣ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«አሳፈርሁዎ?» አለች የሺመቤት፣ ውኃ እያፈሰሰችላቸው።

«አንቺማ አላሳፈርሽኝም። ያፈርሁት በድምፄ ነው። አባቴ ከመቃብር ተነሥተው ‹አሁንም?› ያሉኝ መሰለኝ።»

«ሰው ተቀበለዎ እኮ።»

«ፈርተው ነው!»

ሁለቱም ሳቁ። እሳቸው ግን ሳቃቸውን ቶሎ ጨረሱና ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተመለከቱት። የሺመቤት እንጀራውን ጠቅልላ በግራ እጃቸው አስያዘቻቸው። እኔ ዞር ብዬ ወፎቹን አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ብሩክ መጣና «እማማ፣ የኔን ማሽን አይሞክሩትም?» አላት። አይሆንም አለች፤ ከዚያ እጇን ታጥባ መጣች። ማሽኑ ጮኸ። መሮውን አስነካች። ወዲያው ከፍ አደረገች። አስነካች፣ ከፍ አደረገች። ብሩክ ማሽኑን አጥፍቶ እንጨቱን ሲያሳያት ዙሪያውን እንደ በቆሎ ቆሮቆንዳ ወጣ ገባ ሆኗል። እጇ «መሐረነ» ላይ ማረፍ ስለለመደ፣ እንጨቱ ወደ ኋላ ባይመለስም እሷ እያረፈች ነበር።

«ይኼ ማሽን አያርፍም እንዴ?» አለች።

«አያርፍም እማማ። እርስዎም አይረፉ።»

«ታዲያ መቼ ይተነፍሳል?»

ብሩክ ሳቀና ከኋላዋ ቆሞ አሳያት። የመሮውን እጀታ በክንዷ ብቻ አትያዘው፤ ዳሌዋ ላይ ታስደግፈው፤ በሰውነቷ ትግፋው። በሦስተኛው ሙከራ አንድ ረጅም ፍቅፋቂ ወጣ፤ ከእጇ እስከ ጉልበቷ። ጮኸች፤ እንደ ልጅ። ብሩክም ዳሌ ላይ የማስደገፉ ነገር በጠፍሩም እንደሚሠራ ነገራት፤ ክንድ አያደክምም። ይህን ስትሰማ ባሏን ፈልጋ ሄዳ እንደ ትልቅ ምሥጢር ነገረቻቸው።

ልንሄድ ስንል ብሩክ አንድ የወይራ ጉማጅ ሰጣት። ገና እርጥብ ነው፤ ቅርፊቱ ላይ ወዝ አለ። «ዛሬውኑ ሻካራውን ይግፈፉት። ካደረ ይሰነጠቃል» አላት። መሪጌታ ደግሞ በሩ ላይ አገኙን።

«የሺመቤት» አሉ፤ አቶ ፍቅረ ማርያምን አይደለም የጠሩት። «ዘጌ ላይ ወለተ ሩፋኤል የምትባል የወንድሜ ሚስት አለች፤ ከወደቡ በላይ፣ በስተቀኝ ያለው ቤት። እጀታቸው የተሰበረ ጸናጽሎች አስቀምጫለሁ እሷ ዘንድ። ዛሬ ስትገቢ ‹መሪጌታ ለየሺመቤት ስጪ ብለዋል› በያት። ሁሉንም አንቺ እንድትሠሪልኝ ነው። ነገ በጠዋት ወደ ጎንደር ስለምትሄድ ዛሬውኑ ድረሺባት፤ አለዚያ እስክትመለስ ሳምንት ነው።»

«እሺ መሪጌታ። እንደገባሁ እሄዳለሁ።»

ጀልባዋ ስትመለስ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። አቶ ፍቅረ ማርያም ግንዶቹ ላይ ተደግፈው አንቀላፉ። የሺመቤት የወይራውን ጉማጅ በእርጥብ ነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ይዛዋለች፤ አሁንም አሁንም ገልጣ ጫፉን በአውራ ጣቷ ትዳስሰዋለች።

«መሰንጠቅ ጀመረ መሰለኝ፣ እቴ» አለችኝ።

«ገና ነው።»

«ይህችን ነጭ መስመር አታይም?»

እኔ አላየኋትም። ወደቡ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ወደ ወለተ ሩፋኤል ቤት የሚወስደው መንገድ በስተቀኝ ነው። የሺመቤት አላየችውም። ጉማጁን ታቅፋ ዳገቱን በግራ በኩል ወጣች፤ ባሏ ጠፍሩን በትከሻቸው አጋድመው እየተከተሏት «ቀስ በይ፣ እግሬ እንጨት አይደለም» ይላሉ። ግንዶቹን ሰው አሸክመን ግቢያቸው ስንደርስ የሥራ ቤቱን በር ግራና ቀኝ ከፈተችው። ከጓዳ ውኃ እንኳ ሳትጠጣ ወይራውን በሹሎቹ መካከል ጠመደች።

በሩ ክፍት ስለነበር የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ያያቸው ጀመር።

እኔ ቅርጫቴን ይዤ ወደ ቤቴ ስገባ የመሪጌታ መልእክት ትዝ አለኝ። ሄጄ ላስታውሳት አሰብሁ፤ ከደጃፉ ደርሼ ግን መሮዋን ዳሌዋ ላይ አስደግፋ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ አየኋትና አፌን መክፈት አልሆነልኝ። ወለተ ሩፋኤል በማግሥቱ ጠዋት ጎንደር ሄደች። ጸናጽሎቹም እስክትመለስ ድረስ እሷ ቤት ተቆልፎባቸው ቀሩ።